ትንሿ ካክተስ በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካክተስ እንደማሳድግ ዘመድ ወዳጅ ካወቀ ወዲህ በቴሌግራም የሚላክልኝ ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ከሥሯ ቡኒ የሆነች፣ ወደ ጎን የተጋደመች፣ ስትነካ እንደ በሰበሰ ቲማቲም የምትፈርጥ ካክተስ። ከፎቶው ሥር «ምን ሆና ነው? ውሃ እኮ አጓድዬባት አላውቅም» የሚል መልእክት ይከተላል። መልሱ እዚያው መልእክቱ ውስጥ አለ።

ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምጽፍ ብዬ ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ምክር ለደጋ አየር የሚሆን ነው። ቆላ ያላችሁና ውጭ አገር የምትኖሩ ወደ መጨረሻው ውረዱ።

ካክተስ ማለት ቁልቋል ማለት አይደለም እንዴ?

በአፍ ልማድ አዎ። በዘር ግን ይለያያሉ። በየገደሉና በየአጥሩ የምናውቀው፣ ክንዶቹን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የዘረጋው ትልቁ ቁልቋል ወገኑ ኢዩፎርቢያ ነው። አገሩም እዚሁ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከነካ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው። ካክተስ ግን የአሜሪካ ልጅ ነው፣ ከካናዳ እስከ አርጀንቲና። ከአሜሪካ ውጭ በተፈጥሮው የሚገኘው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ እሱም በአፍሪካና በስሪላንካ ደኖች ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ብታዩት ካክተስ ነው አትሉትም።

በትግርኛ በለስ፣ በአማርኛ የባሕር ቁልቋል የምንለው ግን እውነተኛ ካክተስ ነው። የመጣው ከሜክሲኮ ነው። ስሙ ራሱ ያሳብቅበታል። ባሕር ዛፍን ባሕር ዛፍ እንዳልነው ሁሉ ይሄንንም ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ የባሕር ቁልቋል አልነው።

ልዩነቱ የሚጠቅመው ገበያ ላይ ነው። አበባ ሻጮች ሁለቱንም «ካክተስ» ብለው ይሸጣሉ። መለየት ከፈለጋችሁ እሾሁ የሚወጣበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የካክተስ እሾህ የሚበቅለው እንደ ትንሽ ትራስ ካበጠች ጸጉራም ነጥብ ላይ ነው። ከአንዷ ነጥብ ብዙ እሾህ ተሰብስቦ ይወጣል። የቁልቋል ዘመዶች እሾህ ግን ትራስ የለውም፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚወጣው። በየቤቱ ደጃፍ የምናያት፣ ትናንሽ ቀይ አበባ ያላት እሾሃማ ተክልም ካክተስ አይደለችም። የማዳጋስካር ኢዩፎርቢያ ናት።

ጀማሪ ነኝ። የትኛዋን ልግዛ?

ክብ ሆና ነጭ እሾህ የለበሰችውን፣ ማሚላሪያ የምትባለውን። ቦታ አትፈጅም፣ ስህተት ትችላለች፣ ገና ትንሽ ሳለች ታብባለች። ወርቃማ እሾህ ያላት ክቧ ካክተስም ጥሩ ናት። የሚገርመው፣ ይህች በየሱቁ የሞላች ካክተስ በትውልድ ቦታዋ በሜክሲኮ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት።

የጥንቸል ጆሮ የምትመስለዋን ጠፍጣፋ ካክተስ ለጀማሪ አልመክርም። ቢጫ ነጥብ ነጥብ ስላለባት ለስላሳ ትመስላለች። ነጥቦቹ በመቶ የሚቆጠሩ ጸጉር የሚያካክሉ እሾሆች ናቸው። አንዴ ከነካችኋት ሳምንት ሙሉ ታስታውሷታላችሁ።

ስትገዙ ከሥሯ በኩል በእንጨት ጫን አድርጓት። ጠንካራ መሆን አለባት። በእሾሁ መሃል ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ካለ አትግዟት። አናቷ ላይ ደማቅ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ አበባ ካለ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ደርቆ በሙጫ የተለጠፈ የሌላ ተክል አበባ ነው። ሻጩ «ሁልጊዜ ያብባል» ካላችሁ አልዋሸም፤ ደረቅ አበባ አይረግፍም።

በስንት ቀን ውሃ ላጠጣት?

ቀን አትቁጠሩ። አፈሩን ጠይቁት።

ቀጭን የእንጨት ስንጥር ውሰዱ። እስከ ማሰሮው ሥር አስገቡትና አሥር ደቂቃ ተዉት። ሲወጣ ከረጠበ ወይም አፈር ከያዘ ውሃው ይቆይ። ደረቅ ሆኖ ከወጣ አጠጡ። ስንጥር ካሰለቻችሁ ማሰሮውን አንስታችሁ መዝኑት። ውሃ በጠጣ ማግስትና በደረቀ ጊዜ ያለውን ክብደት እጃችሁ በሁለት ወር ውስጥ ይለምደዋል።

ስታጠጡ ደግሞ አትስሰቱ። ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ አፍስሱ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን ሳህን ድፉት። በማንኪያ ጠብ ጠብ ማድረግ ጥሩ አይደለም። ላዩ ይረጥባል፣ ታችኛው ሥር ደርቆ ይቀራል። በመርጫ ላዩዋ ላይ ፍስ ፍስ ማድረግም ለእኛ ደስታ እንጂ ለእሷ ጥቅም የለውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ማሰሮ፣ እኔ ጋ ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። ጎረቤቴ ፀሐይ የሚበዛበት ጎን ስለሆነች በሳምንት ታጠጣለች። ሁለታችንም ልክ ነን።

ለምን ይህን ያህል ትችላለች? አካሏ የውሃ በርሜል ነው። ቅጠል የላትም፤ እሾሁ ነው ቅጠሉ። የቆዳዋን ቀዳዳዎች ደግሞ የምትከፍተው እንደ ሌላው ተክል ቀን ሳይሆን ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ የሚተንባት ውሃ ትንሽ ነው። ሥሯ ግን አየር ይፈልጋል። አፈሩ ረጥቦ ከሰነበተ አየር ያጣል፣ ሥሩ ይሞታል፣ ሻጋታ ይገባበታል። ከላይ የምታዩት መበስበስ ከሳምንታት በፊት ከታች የጀመረው ነው።

ተሸብሽባለች። ጠምቷት ነው?

አፈሩ ደረቅ ከሆነ አዎ። አጠጧት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞላለች። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከተሸበሸበች ግን ተጠንቀቁ። ሥሯ ሞቶ ውሃ መሳብ አቅቷታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ጠማት» ብሎ ጨምሮ የሚያጠጣትና የሚጨርሳት።

የግቢዬን አፈር ብጠቀምስ?

የአዲስ አበባን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ። ዋልካ። ሲረጥብ ጫማ ያወልቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለጤፍ ጥሩ ነው። ለካክተስ መቃብር ነው። ቀዩ አፈር ይሻላል፣ ብቻውን ግን እሱም ይጠብቃል።

ውጭ አገር የካክተስ አፈር ታሽጎ ይሸጣል። እኛ ጋ እሱን ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ነገር በየኮንስትራክሽኑ ተከምሯል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ቀላል ድንጋይ፣ ከደብረ ዘይትና ከአዳማ አካባቢ የሚመጣው፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውስጡ ወንፊት ነው። ጥቂት ውሃ ይይዛል፣ ሌላውን ይለቃል፣ አየር ያስገባል። ብሎኬት ማምረቻዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ፑሚስም እንዲሁ። የሌላ አገር ካክተስ አሳዳጊዎች በኪሎ የሚገዙትን እኛ መንገድ ላይ ረግጠነው ነው የምናልፈው። ዘበኛውን በአክብሮት ጠይቁና አንድ ፌስታል ውሰዱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሬድ አሹን ወይም ፑሚሱን በወንፊት ንፉት፣ ዱቄቱን ጣሉት። የሚፈለገው መጠን ከምስር እስከ ሽምብራ ያለው ነው። ትልልቁን በመዶሻ ቀጥቅጡት። እጠቡት። ከዚያ ሁለት እጅ ጠጠር ከአንድ እጅ አፈር ወይም በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉ። ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ ውሃ ስታፈሱበት ላዩ ላይ ሳይቆም ወዲያው መውረድ አለበት። ከቆመ ጠጠር ጨምሩ።

አሸዋስ? ሻካራው የወንዝ አሸዋ ይሠራል። ደቃቁ የልስን አሸዋ ግን በአፈሩ መሃል ገብቶ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ነገሩን ያብሳል።

ማሰሮ ሥር ጠጠር መደርደርስ? ይህን ምክር ሁላችንም ሰምተናል፣ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። አይጠቅምም። ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ወዲያው አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል። ጠጠሩ ለሥሩ የሚሆነውን ቦታ ከመቀነስ ሌላ ሥራ የለውም። ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት።

በሲኒ ብተክላትስ? በጣም ታምራለች።

ታምራለች። የመጀመሪያዋን ካክተሴን የገደልኩት በሲኒ ነው። የረከቦቱ ስድስት ሲኒ አንዱ ተሰብሮ አምስት ሲቀር፣ አንዷን መርጬ ተከልኩባትና መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሳት ነበር። ሐምሌን አለፈች። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ስነካት ከሥሯ ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች። ሲኒው ሥር ቀዳዳ የለውም። የጠጣችው ውሃ መውጫ አጥቶ እዚያው ተጠራቅሞ ነበር።

ቀዳዳ ካለው ምንም ይሆናል። የቲማቲም ድልህ ጣሳ በምስማር ተበስቶ ይሠራል። ከወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድም ይሠራል፣ ሥሩን በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት። የሸክላ ማሰሮ ግን ከሁሉም ይሻላል። በጎኑም ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል፤ የሚያበዛ እጅ ላለው ሰው መድኃኒት ነው። ስፋቱ ከካክተሷ በዙሪያው አንድ ሁለት ጣት ያህል ቢበልጥ በቂ ነው። «ታድጋለች» ብላችሁ በትልቅ ማሰሮ አትትከሏት። ሥሩ የማይደርስበት አፈር ሳይደርቅ ይከርማል።

ሲኒውን ካልተዋችሁ፣ ካክተሷን ቀዳዳ ባለው ትንሽ ፕላስቲክ ተክላችሁ ሲኒው ውስጥ አስቀምጡ። ስታጠጡ አውጧት።

የትኛው መስኮት ይሻላል?

የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ የምሥራቁ። አራት አምስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካገኘች ደስተኛ ናት።

የእንግሊዝኛ ጽሑፎች «የደቡብ መስኮት» እያሉ ይመክራሉ። እነሱ ከምድር ወገብ ርቀው ስለሚኖሩ ነው። አዲስ አበባ ያለችው በሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በሌላው ጊዜ ደቡብ ላይ ናት። ስለዚህ የደቡብ መስኮት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ጠግቦ፣ ሰኔ ላይ ባዶውን ይቀራል። መስኮታችሁ ሰሜን ወይም ደቡብ ብቻ ከሆነ ካክተሷን በዓመት ሁለት ጊዜ አዛውሯት። የመታጠቢያ ቤትና የኮሪደር መደርደሪያ ግን ቦታዋ አይደለም። አትሞትም፣ ለወራት ዝም ትላለች፣ ግን እየተራበች ነው።

አናቷ ላይ ቀጥና ወደ መስኮቱ እየተንጠራራች ነው።

ብርሃን ፍለጋ ነው። የቀጠነው ተመልሶ አይወፍርም። ወደ ፀሐይ ስታወጧት ከዚያ በኋላ የሚያድገው ብቻ ነው ወደ ልኩ የሚመለሰው። ቅርጿ ካስጠላችሁ ቀጭኑን ቆርጣችሁ መትከል ትችላላችሁ፤ አቆራረጡ ከታች አለ።

ስታወጧት ግን በአንድ ቀን አይሁን። ጥላ የለመደችን ካክተስ በከተማችን ከፍታ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የቀትር ፀሐይ ላይ ብታቆሟት ትቃጠላለች። ቆዳዋ ነጣ ይልና እንደ ቡሽ ይደርቃል። ጠባሳው ዕድሜ ልክ ነው። መጀመሪያ የጠዋቷን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት እያላችሁ በሁለት ሦስት ሳምንት አለማምዷት።

ክረምቱን እንዴት ታሳልፋለች?

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ካክተስ የበጋችንን ድርቅ ከኛ በላይ ትችላለች። የሚጥላት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ነው። ደመናው ብርሃኑን ይወስዳል፣ አየሩ ይረጥባል፣ ብርዱ እድገቷን ያቆማል። እኛ ደግሞ በለመድነው ቀን ውሃችንን ይዘን እንመጣለን። በበጋ በአሥር ቀን የሚደርቀው ማሰሮ ሐምሌ ላይ ወር ሙሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የበረንዳዬን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባለሁ። ዝናብ ራሱ መርዝ ሆኖ አይደለም። የማይቋረጥ መሆኑ ነው ችግሩ። በረዶም አለ፤ አንድ ቀን የጣለ በረዶ የካክተስን ቆዳ ጠቃጥቆ ይሄዳል። ውስጥ ከገቡ በኋላ በወር አንዴ ስንጥሬን አስገባለሁ። ብዙውን ጊዜ ውሃ ሳልሰጥ እመለሳለሁ። ትንሽ ብትሸበሸብ አልደነግጥም።

መስከረም ላይ ፀሐይዋ ስትመለስ በአንድ ጊዜ አላወጣቸውም፤ ያው ቃጠሎው አለ። የጥቅምትና የኅዳር ብርድስ? አፈሯ ደረቅ ከሆነ የአዲስ አበባን የሌሊት ቅዝቃዜ ብዙዎቹ ይችሉታል። ውርጭ የሚጥልበት ሰፈር ካላችሁ ግን ሌሊት አስገቧት። እርጥብ አፈርና ውርጭ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚገድሉት።

ከሥሯ በሰበሰች። ትድናለች?

አናቷ ጠንካራና አረንጓዴ ከሆነ ተስፋ አለ። ንጹሕ ስል ቢላ በአልኮል ጥረጉ። ከበሰበሰው በላይ ቁረጡ። የተቆረጠውን ፊት እዩት፤ መሃሉ ላይ ቡኒ ነጥብ ካለ ገና ነው፣ እንደገና ቁረጡ። በየቁርጡ ቢላውን ጥረጉ። ፊቱ በሙሉ ነጭ ወይም አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ወዲያው ይተክላታል። አትትከሏት። ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀምጧት፣ ቁስሉ እንደ ቆዳ ይድረቅ። ከዚያ በደረቅ ጠጠራማ አፈር ላይ አቁሟት። ሥር ማውጣት ስትጀምር በጥቂቱ አጠጡ። ሳምንታት ይወስዳል። የበሰበሰው አናቷ ጋ ከደረሰ ግን አትድከሙ።

በእሾሁ መሃል ነጭ ጥጥ ተጣብቋል።

ተባይ ነው። ሰም መሳይ ነጭ ነገር ለብሶ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በ70 ፐርሰንት የሕክምና አልኮል ንከሩና እያንዳንዱን ንኩት። በሳምንቱ ድገሙ፣ በሦስተኛውም ሳምንት፤ እንቁላሉ አንዴ በማጽዳት አይጠፋም። በዚያ ጊዜ ከሌሎቹ ለዩዋት፣ ከፀሐይም ጋርዷት። ከላይ ንጹሕ ሆና ያለ ምክንያት ከደከመች ሥሯን እዩ፤ እዚያም ይደበቃል።

«አረቄ ይሆናል ወይ?» ያላችሁኝ አላችሁ። የካቲካላ ጉልበት ከቤት ቤት ይለያያል። የፋርማሲውን ግዙ፣ ካቲካላውን ለሚጠጣው ተዉለት።

የዘመዱ ታሪክ ደግሞ ሰፊ ነው። በበለስ ላይ የሚኖር ኮቺኒል የሚባል ነጭ ጥጥ መሳይ ነፍሳት አለ፤ ሲጨፈለቅ ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣዋል። ከአውሮፓውያኑ 2000 ወዲህ ትግራይ ውስጥ ለቀለም ምርት ተብሎ ገባ። በኋላ ከቁጥጥር ወጥቶ ሰው የሚበላውን በለስ ማድረቅ ያዘ። የቤታችሁን ተባይ ስትጨፈልቁ ቀይ ከወጣው እሱ ነው።

የቡና አተላ ላድርግባት? ማዳበሪያስ?

የቡና አተላውን ለጽጌረዳችሁ። ማሰሮ ላይ ሲደረግ ላዩን ሸፍኖ እርጥበት ያፍናል፣ ይሻግታል።

ዩሪያ በፍጹም። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ካክተሷን ያሳብጣታል፣ ቆዳዋ ይሰነጠቃል፣ ሥሯን ያቃጥላል። ትኩስ ፍግም አይሆንም። ናይትሮጅኑ ዝቅ ያለ ፈሳሽ ማዳበሪያ ካገኛችሁ፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው በግማሽ አቅጥናችሁ በእድገቷ ወራት ሁለት ሦስቴ ስጡ። ካላገኛችሁ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አፈሯን ቀይሩ፤ ይበቃታል።

አፈር ስቀይር እሾሁን ምን ላድርገው?

ጋዜጣ እንደ መቀነት አጥፋችሁ ወገቧ ላይ ጠምጥሙና ሁለቱን ጫፍ ያዙ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅም ይሠራል። ከመቀየራችሁ በፊት አፈሩ ደረቅ ይሁን። ከተከላችሁ በኋላ ሳምንት ያህል አታጠጡ፤ የተቆረጠ ሥር ካለ ይድን።

እሾህ ጣቴ ውስጥ ገባ።

ወረንጦ። እናቶቻችን የእግር እሾህ የሚያወጡበት ያው መሣሪያ። ጸጉር መሰሎቹ ከሆኑ አትሹት፣ ይሰበራሉ። ፕላስተር ወይም ስኮች ለጥፋችሁ በአንዴ ላጡት፣ ደጋግሙ። የቀረውን በደህና ብርሃን ሥር በወረንጦ ልቀሙ። ካበጠና ከመገለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለሕፃንና ለድመት አደገኛ ናት?

ብዙዎቹ የካክተስ ዓይነቶች መርዛም አይደሉም፤ አደጋው እሾሁ ነው። ወተት የሚያፈሱት የቁልቋል ዘመዶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ዳዴ የሚል ልጅ ባለበት ቤት መሬት ላይ አታስቀምጧቸው። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡና ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለምን አታብብም?

ሦስት ነገር ነው። ወይ ልጅ ናት፣ ወይ ብርሃን አነሳት፣ ወይ አላረፈችም። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አብዛኛው ካክተስ ለማበብ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ የእረፍት ጊዜ ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ እኩል ውሃና እኩል ሙቀት ያገኘች ካክተስ ትወፍራለች እንጂ አታብብም። የኔዋ ማሚላሪያ ውሃ የነፈግኳት ዓመት ነው አናቷ ላይ ሮዝ አክሊል የደፋችው።

የገና ካክተስ የምትባለው፣ እሾህ የሌላት፣ ግንዷ ሰንሰለት የሚመስለው፣ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት። አገሯ የብራዚል እርጥብ ደን ነው፣ ዛፍ ላይ ነው የምትኖረው። ቀጥተኛ ፀሐይ አትወድም፣ ውሃም ከሌሎቹ በላይ ትፈልጋለች። እምቡጥ የምትይዘው ረጅም ጨለማና ቀዝቃዛ ሌሊት ስታገኝ ነው። ሌሊት መብራት ከሚበራበት ሳሎን አውጧት።

ቀይ አናት ያላት ካክተሴ ከላይ እየሟሟች ነው። ለምን?

እሷ ሁለት ተክል ናት። ላይኛዋ ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ አረንጓዴ ቀለም ስለሌላት ራሷን መመገብ አትችልም። በ1940ዎቹ ጃፓን ውስጥ በችግኝ መሃል ከወጡ እንግዳ ቀይ ቡቃያዎች የተገኘች ናት። አረንጓዴ ካክተስ አናት ላይ ተቆርጣ ተጣብቃ፣ በሰው ትከሻ ትኖራለች። ጥቂት ዓመት ቆይተው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ታችኛው አረንጓዴ ከተረፈ ተዉት፣ ራሱን ችሎ ያድጋል።

ጎኗ ላይ ልጆች አወጣች። ልለያቸው?

ካልፈለጋችሁ አትለዩአቸው፣ ቤተሰብ ሆነው ያምራሉ። ከፈለጋችሁ የእናቲቱን ሩብ ያህል እስኪሆኑ ጠብቁና ጠምዘዝ አድርጋችሁ ንቀሏቸው። ሳምንት ይድረቁ። ከዚያ ጠጠራማ አፈር ላይ አስቀምጧቸው። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ነው። ክረምት ላይ አትጀምሩት።

ኮምፒውተር አጠገብ ሲቀመጥ ጨረር ይስባል ይባላል።

አይስብም። ውሃ ያለበት ማንኛውም ነገር ፊት ለፊት ሲቆም የሚከልለውን ያህል ነው የሚከልለው፣ እሱም የእሷን ጥላ ያህል ነው። «ሌሊት ኦክስጅን ትሰጣለች» የሚለውም በከፊል ነው እውነቱ። ሌሊት ቀዳዳዋን የምትከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ነው። ኦክስጅኑ የሚሠራው ቀን፣ በብርሃን ነው።

ቆላ ወይም ውጭ አገር ነው የምኖረው። ምክሩ ይለያል?

ድሬዳዋና አፋር ያላችሁ ውሃ መስጫችሁ ያጥራል፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ትንሽ ጥቁር ፕላስቲክ ማሰሮ ሥሩን ይቀቅለዋል። ሸክላ ይሁን።

ዱባይና ጅዳ በረሃ ስለሆነ ለካክተስ ቤቷ ይመስላል። ግን በበጋው የበረንዳ ሙቀት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ያለን ሥር ይገድላል። ወደ ውስጥ አስገቧት። የኤሲው ንፋስ ቀጥታ አይምታት፣ መስኮቱ ጋ ትሁን።

ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ስቶክሆልም ያላችሁ የእናንተ «ክረምት» ቀዝቃዛውና ጨለማው ወቅት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ውሃ ከሞላ ጎደል አቁሙ። ከራዲያተር አርቋት፣ የደቡብ መስኮት ስጧት፤ ለእናንተ ያ ምክር ልክ ነው። ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ስድስት ሰዓት ስለሆነ የተክል መብራት ብትጨምሩ ጥሩ ነው። ዋሽንግተን ላላችሁ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በተፈጥሮው የሚበቅል የበለስ ዘመድ አለ። በረዶ ይጥልበታል፣ ተጨማዶ መሬት ላይ ይተኛል፣ በጸደይ ይነሳል።

አሜሪካ ያለች እህቴ በሻንጣዋ ካክተስ ታምጣልኝ?

ባታመጣ ይሻላል። መላው የካክተስ ቤተሰብ፣ ከጥቂት ዓይነቶች በስተቀር፣ ሳይቲስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ድንበር ሲያቋርጥ ወረቀት ይጠየቅበታል። ከዚያ ውጭ የተክል ጤና ማረጋገጫ አለ። ያለ ወረቀት ከመጣ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። የኮቺኒሉን ነገር አስታውሱ፤ ተባይ በሻንጣም ይገባል።

ሦስት ዓመት ሆናት፣ ምንም አላደገችም። ሞታ ይሆን?

ጠንካራና አረንጓዴ ከሆነች አልሞተችም። አሪዞና በረሃ ውስጥ የሚበቅለው፣ በመጨረሻ ከቤት የሚበልጠው ሳጓሮ የሚባለው ካክተስ፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ከ4 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። የእናንተዋ ከዚያ ትፈጥናለች። ግን በየቀኑ የሚያያት ሰው እድገቷ አይታየውም። እኔ በየእንቁጣጣሹ ከአንድ ክብሪት ሳጥን ጎን አቁሜ ፎቶ አነሳታለሁ። ስገዛት የሳጥኑን ግማሽ ነበረች። ዘንድሮ ሳጥኑ ከኋላዋ አልታየኝ ብሎ ወደ ጎን አዞርኩት።